በጣሪያ ላይ የዱር አበባ መስክ ማልማት፦ ባለይዞታዎች ከሥራው በፊት፣ በሥራው ወቅትና ከሥራው በኋላ ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ በየሜዳውና በየተራራው ግርጌ አደይ አበባ ይፈካል። በከተሞች ግን ለአበባውም ሆነ ለሣሩ የሚተርፈው ቦታ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ መጥቷል። ቀድሞ ሣር የነበረው ግቢ በሊሾና በንጣፍ ድንጋይ እየተሸፈነ በመሄዱ በብዙ ይዞታዎች ላይ ሳይነካ የቀረው ብቸኛ ባዶ ስፍራ የሕንፃው ጣሪያ ሆኗል። በዚህም ምክንያት የኮንክሪት ጣሪያቸውን በሣርና በአበባ ለመሸፈን የሚፈልጉ የቤትና የሕንፃ ባለቤቶች ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሳል።

ፍላጎቱ የሚበረታታ ነው። ይሁን እንጂ ጣሪያ መሬት አይደለም። መሬት የተጫነበትን አፈርና የጠጣውን ውኃ ያለ ችግር ይሸከማል፤ ጣሪያ ግን የሚሸከመው መሐንዲሱ ባሰላለት መጠን ብቻ ነው። ያለ ጥናት የተጫነ አፈር ሶሌታን ሊያጎብጥና ሊሰነጥቅ፣ ከዚያም አልፎ በሥሩ የሚኖሩ ሰዎችን ሕይወት አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። በሚገባ ያልታሸገ ጣሪያ ደግሞ ውኃ ወደ ቤት ያስገባል፤ የጎረቤትንም ንብረት ያበላሻል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሥራው በምን ቅደም ተከተል ሊከናወን እንደሚገባ፣ ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሚያስፈልግ፣ የትኞቹ ተክሎች እንደሚመረጡና ከተሠራ በኋላ ምን ዓይነት እንክብካቤ እንደሚሻ ለዜጎች ማስገንዘብ ነው።

ሕያው ጣሪያ ምንድን ነው?

ሕያው ጣሪያ ማለት ውኃ በማያሳልፍ ሽፋን ላይ የውኃ ማጥለያ፣ ቀላል አፈርና ተክል በንብርብር የተዘረጋበት ጣሪያ ነው። በአበባ ማስቀመጫና በሣጥን ተክሎ ጣሪያ ላይ ከመደርደር የሚለየው ንብርብሩ የጣሪያው አካል ሆኖ በመሠራቱ ነው።

ሐሳቡ ለሀገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በትግራይ የሚገኘው ሕድሞ በመባል የሚታወቀው የድንጋይ ቤት ጠፍጣፋ ጣሪያው በእንጨት ርብራብ ላይ በተደለደለ አፈር የሚሸፈን ነው። በኖርዌይና በፋሮ ደሴቶችም የሣር ጣሪያ የቆየ የግንባታ ባህል ሲሆን፣ አፈሩ ከሥሩ በተነጠፈ የበርች ዛፍ ቅርፊት አማካይነት ቤቱን ውኃ እንዳያስገባ ይደረግ ነበር። በቅርብ ዘመን የስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2002፣ የካናዳዋ ቶሮንቶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ሕያው ጣሪያን የሚመለከቱ ግዴታዎችን በሕግና በደንብ አውጥተዋል። ከእነዚህ ተሞክሮዎች የሚወሰደው ዋናው ትምህርት አንድ ነው፤ ሥራው የአትክልተኛ ብቻ ሳይሆን በቅድሚያ የመሐንዲስ ሥራ ነው።

ሕያው ጣሪያ በአጠቃላይ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ከ8 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ስስ አፈር የሚይዝ፣ አጫጭር ሣርና የዱር አበባ የሚበቅልበትና ሰው ለእንክብካቤ ብቻ የሚወጣበት ነው። ሁለተኛው ጥልቅ አፈር፣ ቁጥቋጦ፣ አንዳንድ ጊዜም ዛፍ የሚይዝና ለመዝናኛ የሚውል የጣሪያ መናፈሻ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ሕንፃው ገና ሲነደፍ ታስቦ የሚሠራ እንጂ በነባር ቤት ላይ የሚጨመር አይደለም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ዓይነት ነው።

ጥቅሙና የጥቅሙ ወሰን

የሕያው ጣሪያ አንደኛው ጥቅም የዝናብ ውኃን መያዙና ማዘግየቱ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። በመሆኑም 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 60 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1,800 ሊትር ውኃ ይሆናል ማለት ነው። ጣሪያው ባዶ ኮንክሪት ከሆነ ይህ ሁሉ ውኃ በደቂቃዎች ውስጥ በአሸንዳና በቱቦ ወደ መንገድ ይለቀቃል። አፈርና ተክል ያለበት ጣሪያ ግን ከፊሉን ይይዛል፤ የቀረውንም ቀስ አድርጎ ይለቃል። ይህ ጥቅም ወሰን አለው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ያለማቋረጥ ሲወርድ አፈሩ አስቀድሞ ስለሚጠግብ የሚይዘው ውኃ ያንሳል። ስለዚህ ሕያው ጣሪያ የጎርፍ መውረጃ ቦይን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለም።

ሁለተኛው ጥቅም የጣሪያውን የውኃ መከላከያ ሽፋን ከፀሐይ መጠበቁ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ደጋማ ከተሞች የቀን ፀሐይ ብርቱ፣ የሌሊት አየር ቀዝቃዛ በመሆኑ ባዶ ጣሪያ በየዕለቱ ሲለጠጥና ሲኮማተር ይውላል። የሬንጅ ሽፋን የሚሰነጠቀውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ሽፋኑ ከአፈር በታች ሲሆን ከጨረሩም ከሙቀት መለዋወጡም ይጠበቃል። ከላይኛው ወለል ሥር ያሉ ክፍሎችም በቀን የሚሰማቸው ሙቀት ይቀንሳል።

ሦስተኛው ለንብና ለቢራቢሮ፣ እንዲሁም ለወፎች የሚሰጠው መኖና መጠለያ ነው። አገር በቀል አበቦች የተዘሩበት ጣሪያ በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት ሣር ብቻ ከተነጠፈበት ጣሪያ የላቀ ጥቅም አለው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ሶሌታው ይሸከማል ወይ?

አፈር ሲደርቅና ሲርስ ክብደቱ እኩል አይደለም። ስሌቱ ሁልጊዜ መሠራት ያለበት አፈሩ ውኃ ጠጥቶ በጠገበበት ሁኔታ ነው። በውኃ የጠገበ የተለመደ የግቢ አፈር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ከ18 እስከ 20 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ እንዲህ ያለ አፈር 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢነጠፍ ክብደቱ ከ108 እስከ 120 ኩንታል ይደርሳል። አንድ ባለይዞታ 120 ኩንታል እህል በጣሪያው ላይ ልከምር ቢል መጀመሪያ ባለሙያ እንደሚጠይቅ ጥርጥር የለውም። አፈር ግን በባልዲና በጆንያ ጥቂት በጥቂት ስለሚወጣ ክብደቱ ሳይስተዋል ይከማቻል።

በዚህ ምክንያት ለጣሪያ የሚመረጠው ቀላል ድብልቅ ነው። ለብሎኬት ማምረቻ የሚውለው ፑሚስና ቀይ አሽ በመባል የሚታወቀው የእሳተ ገሞራ ጠጠር በውስጣቸው ብዙ ቀዳዳ ስላላቸው ቀላል ናቸው፤ ውኃም ይይዛሉ። በእነዚህ የተዘጋጀ ድብልቅ ሲጠግብ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 12 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ሆኖም ሌሎቹ ንብርብሮችም መደመር አለባቸው። 10 ሳንቲ ሜትር ድብልቅ 120 ኪሎ ግራም፣ 4 ሳንቲ ሜትር የፑሚስ ማጥለያ 40 ኪሎ ግራም፣ የሣርና አበባ ምንጣፉ 20 ኪሎ ግራም ቢታሰብ በአንድ ካሬ ሜትር 180 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። በተጠቀሰው 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ይህ 108 ኩንታል ነው። ስለዚህ ቀላል የሚባለው ሥራ እንኳ ያለ መሐንዲስ ማረጋገጫ የሚጀመር አይደለም። እነዚህ አኃዞች ለግንዛቤ የቀረቡ ሲሆን ትክክለኛው ስሌት የሚሠራው በሚመጣው ግብዓት ክብደት ላይ ተመሥርቶ ነው።

መሐንዲሱ የሕንፃውን የመዋቅር ንድፍ፣ የሶሌታውን ውፍረትና የፌሮውን አደራደር፣ የምሰሶዎቹንና የቋሚዎቹን ርቀት፣ እንዲሁም በጣሪያው ላይ አስቀድሞ የተቀመጡ የውኃ ታንከሮችንና ሌሎች ጭነቶችን ይመረምራል። ሰው እንዳይወጣበት ታስቦ የተሠራ ጣሪያ በአብዛኛው የተሰላለት ተጨማሪ ጭነት አነስተኛ ነው። የመዋቅር ንድፉ የጠፋበት፣ ሶሌታው የተሰነጠቀ ወይም ፌሮው የተጋለጠበት ሕንፃ ላይ መጀመሪያ ጉዳቱ ተመርምሮ ሊጠገን ይገባል። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጭቃና የእንጨት ቤት ጣሪያ ለዚህ ሥራ አይሆንም። እንዲህ ያለ ቤት ያላቸው ዜጎች አበባውን በግቢ፣ በአጥር ሥር ወይም በበረንዳ ማልማት ይችላሉ።

ፈቃድና የጋራ ባለቤትነት

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ምድብ የሚያስፈልገውን የባለሙያ ተሳትፎ የለየ፣ ፈቃድ የመስጠትንም ኃላፊነት ለሕንፃ ሹም የሰጠ ነው። አዋጁ ሲወጣ ከመሬት በላይ ከ12 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሕንፃ በምድብ ሐ ተመድቦ ነበር። በሕንፃ ላይ የሚጨመር ቋሚ ጭነት መዋቅሩን የሚነካ በመሆኑ፣ ባለይዞታው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ሕንፃው ለሚገኝበት ከተማ ወይም ክፍለ ከተማ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ማሳወቅና በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚያስፈልገው መጠየቅ ይኖርበታል።

አመልካቾች ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሄዱ የሚከተሉትን አዘጋጅተው ቢቀርቡ ጉዳያቸው ይፋጠናል፦

• የይዞታ ማረጋገጫ ካርታና የባለይዞታው መታወቂያ፤
• ቀደም ሲል የተሰጠ የግንባታ ፈቃድና የጸደቀው ንድፍ ቅጂ፤
• የመዋቅር መሐንዲስ የሰጠው የጭነት ስሌትና አስተያየት፤
• የንብርብሮቹን ውፍረት፣ የተዳፋቱን አቅጣጫና የውኃ መውረጃዎቹን ቦታ የሚያሳይ ሥዕል፤
• ቤቱ የጋራ ከሆነ የባለድርሻዎቹ የጽሑፍ ስምምነት።

የመጨረሻው ነጥብ ልዩ ትኩረት ይሻል። በጋራ ሕንፃ ላይ ጣሪያው የሁሉም ባለቤቶች የጋራ መጠቀሚያ እንጂ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ የግል ንብረት አይደለም። ስለዚህ በመጨረሻው ፎቅ የሚኖር ሰው በራሱ ወጪ ሊሠራ ቢፈልግም ጉዳዩን ለማኅበሩ አቅርቦ ማስወሰን አለበት። በስምምነቱ ላይ ጣሪያውን ማን እንደሚንከባከብ፣ ውኃ ቢያስገባ ጥገናውን ማን እንደሚሸፍንና መውረጃዎቹን ማን እንደሚጠርግ በግልጽ ቢሰፍር ኋላ የሚነሳን አለመግባባት ያስቀራል። ተከራይ የሆነ ሰውም የአከራዩን የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅበታል።

ከታች ወደ ላይ፦ ንብርብሮቹ

መሐንዲሱ ካረጋገጠና ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ሥራው ከታች ወደ ላይ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል።

አንደኛ፣ ተዳፋት። ጣሪያው ውኃ እንዳያቁር በእያንዳንዱ 1 ሜትር ርቀት ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ዝቅ ማለት አለበት። ይህ በውኃ ልክ ይረጋገጣል። ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለ በሊሾ ይስተካከላል፤ የሊሾው ክብደትም በስሌቱ ውስጥ ይገባል። በተቃራኒው በጣም ያዘቀዘቀ ጣሪያ አፈሩ እንዳይንሸራተት ተጨማሪ ማገጃ ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የውኃ መከላከያ ሽፋን። በእሳት እየሞቀ የሚለጠፈው የሬንጅ ምንጣፍ ወይም ተመሳሳይ ጥራት ያለው ሽፋን ልምድ ባለው ባለሙያ ይሠራል። ሽፋኑ በጣሪያው ጠርዝ ግድግዳ ላይ ወደ ላይ ታጥፎ፣ ከሚነጠፈው አፈር ገጽ በላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ማለቅ አለበት። አብዛኛው የውኃ ፍሳሽ የሚጀምረው ከመሐል ሳይሆን ከዚህ ጠርዝና ከቱቦዎች ዙሪያ ነው።

ሦስተኛ፣ የውኃ ፍተሻ። መውረጃዎቹ ተደፍነው ጣሪያው በ5 ሳንቲ ሜትር ውኃ ይሞላል፤ ለ48 ሰዓትም ይቆያል። ይህ ውኃ በአንድ ካሬ ሜትር 50 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ፍተሻው የሚደረገው መሐንዲሱ ካጸደቀው ብቻ ነው። ከታች ባሉት ክፍሎች ኮርኒስና ግድግዳ ላይ እርጥበት ከታየ ፍሳሹ ሳይገኝና ሳይጠገን ወደሚቀጥለው ሥራ መሄድ አይገባም። አፈር ከተነጠፈ በኋላ የፍሳሽን ምንጭ መፈለግ ሁሉንም እንደገና ማንሳት ነው።

አራተኛ፣ የሥር መከላከያ። የተክል ሥር የሬንጅ ሽፋንን ሊበሳ ስለሚችል ወፍራም የፕላስቲክ ንጣፍ ከላዩ ይነጠፋል። መገጣጠሚያዎቹ በሙቀት ተበይደው መታሸግ አለባቸው። ለተራ መሸፈኛ የሚያገለግለው ስስ ላስቲክ ይህን ሥራ አይሠራም። ንጣፉ በጠጠር እንዳይቀደድም በላዩ ወፍራም ጨርቅ ይደረጋል።

አምስተኛ፣ ማጥለያ። 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ዱቄቱ በወንፊት የተለየ ሻካራ ፑሚስ ወይም ቀይ አሽ ይዘረጋል። ትርፉ ውኃ በዚህ ውስጥ አልፎ ወደ መውረጃው ይሄዳል። በላዩ ላይ ውኃ የሚያሳልፍ፣ አፈር ግን የማያሳልፍ የማጣሪያ ጨርቅ ይነጠፋል። ይህ ጨርቅ ከሌለ ደቃቁ አፈር ታጥቦ ማጥለያውን ይደፍነዋል።

ስድስተኛ፣ የመብቀያ ድብልቅ። በመጠን 70 በመቶ ደቃቅ ፑሚስ ወይም ቀይ አሽ፣ 20 በመቶ የተነፋ አፈር እና 10 በመቶ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ተደባልቆ በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፋል። መረሬ አፈር ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅና ከባድ በመሆኑ አይመረጥም። ድብልቁ ወደ ጣሪያ ሲወጣ በአንድ ቦታ ሊከመር አይገባም፤ እንደ ወጣ ወዲያውኑ መበተን አለበት። በሥራ ወቅት የሚደርስ የሶሌታ ጉዳት በብዛት ከክምር ጋር የተያያዘ ነው።

ሰባተኛ፣ መውረጃና ጠርዝ። ጣሪያው ቢያንስ ሁለት የውኃ መውረጃዎች ሊኖሩት ይገባል፤ አንዱ ቢደፈን ሌላው ያገለግላል። ከእነዚህ ሌላ ሁለቱም ቢደፈኑ ውኃው ወደ ውጭ የሚፈስበት ማስተንፈሻ በጠርዙ ግድግዳ ላይ ይከፈታል። በየመውረጃው ላይ ተከፍቶ የሚታይ ሣጥን ይደረጋል። በመውረጃዎቹና በጠርዙ ግድግዳ ዙሪያ ደግሞ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ምንም የማይተከልበት የጠጠር መስመር ይተዋል። ይህ መስመር ለመራመጃ፣ ለውኃ ማስተላለፊያና ለእሳት መከላከያ ያገለግላል።

የዱር አበባ ምንጣፍ አዘገጃጀት

የዱር አበባ ምንጣፍ ማለት የሣርና የአበባ ዘር በስስ አፈር ላይ አስቀድሞ በቅሎ፣ ሥሩ ተጠላልፎ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ የሚነሳ ንጣፍ ነው። ዘርን በቀጥታ ጣሪያ ላይ ከመዝራት ይልቅ ይህ ዘዴ የሚመረጠው ብርቱ ዝናብና ነፋስ ዘሩንና አፈሩን ጠርጎ እንዳይወስድ ስለሚከላከል ነው።

ምንጣፉን በግቢ ወይም በችግኝ ጣቢያ ማዘጋጀት ይቻላል። በተስተካከለ መሬት ላይ ላስቲክ ይዘረጋል፤ በላዩ ቃጫ ወይም ሳሳ ያለ የጆንያ ጨርቅ ይነጠፋል። 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ድብልቅ ከተደለደለ በኋላ ዘሩ ከደረቅ አሸዋ ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ካሬ ሜትር ከ3 እስከ 5 ግራም ይበተናል። ሥሩ ላስቲኩን አልፎ ወደ መሬት ስለማይገባ ወደ ጎን ይጠላለፋል። ጠዋትና ማታ ቀለል ያለ ውኃ እየተርከፈከፈ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ሲቆይ ሳይበጣጠስ የሚነሳ ንጣፍ ይሆናል።

በሚነጠፍበት ዕለት የጣሪያው ድብልቅ አስቀድሞ ይረጥባል። ጥቅሎቹ ጠርዝ ለጠርዝ ተጠጋግተው፣ መጋጠሚያዎቻቸው በአንድ መስመር እንዳይውሉ እንደ ብሎኬት አደራደር ተዛንፈው ይነጠፋሉ። ከዚያም በእጅ ወይም በጣውላ ጠቅ ጠቅ ተደርገው ውኃ ይጠጣሉ። የተነሳ ጥቅል ተጠቅልሎ ከአንድ ቀን በላይ መቆየት የለበትም።

የሜዳ ሣርን ከነአፈሩ ቆርሶ ማምጣት አይመከርም። የግጦሽ መሬትን ያራቁታል፤ አፈሩ ከባድ ነው፤ ፓርቲኒየምን የመሰሉ አደገኛ አረሞችን ዘርም ይዞ ይመጣል።

ተስማሚ ተክሎች

ለጣሪያ የሚመረጡ ተክሎች ሥራቸው አጭር፣ ፀሐይና ድርቅ የሚችሉ፣ በራሳቸው ዘር የሚተኩ ናቸው። በደጋማ አካባቢዎች አደይ አበባ ተቀዳሚው ነው። አደይ አበባ በክረምት በቅሎ፣ በመስከረም አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ የሚደርቅ በመሆኑ ለስስ አፈር ይስማማል። በተፈጥሮው የክረምቱን እርጥበት የሚጠብቅ ስለሆነ ዘሩ በምንጣፉ ላይ ብቻ ሳይወሰን፣ ምንጣፉ ከተነጠፈ በኋላ በሰኔ መጨረሻ ተጨምሮ ቢበተን የተሻለ ነው። ማጋጥ የአፈሩን ለምነት ይጠብቃል፤ ለንብም ቀለብ ነው። ጦስኝ በተፈጥሮው በከፍተኛ ቦታዎች ድንጋያማና ስስ በሆነ አፈር ላይ የሚበቅል፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዝርያ ያለው ተክል በመሆኑ ለጣሪያ እጅግ ይመቻል። ሆኖም ከተራራ እየተነቀለ ሲመጣ በተፈጥሮ ቦታው እየተመናመነ ስለሚሄድ ከችግኝ ጣቢያ ቅርንጫፉን ወስዶ ማባዛት ይገባል። እንዳሁላና አነስተኛ የሬት ዝርያዎች ውኃ በቅጠላቸው ስለሚያከማቹ የጠርዙን ደረቅ ክፍል ይሸፍናሉ።

ሰርዶ በቀላሉ ቢበቅልም ሌሎቹን አበቦች አፍኖ ስለሚይዝ አይመረጥም። ሾላ፣ ዋርካና ሌሎች ዛፎች ወፎች በሚጥሉት ዘር ሳይተከሉ ይበቅላሉ። ሥራቸው ኮንክሪትን ስለሚሰነጥቅ ገና ለጋ ሳሉ መነቀል አለባቸው።

የሥራው የጊዜ ሰሌዳ

ከፍተኛ ዝናብ በክረምት በሚያገኙ አካባቢዎች የሚከተለው አከፋፈል ይሠራል፦

• ከጥቅምት እስከ ኅዳር፦ የአደይ አበባና የሌሎች ተክሎች የደረቀ ዘር መሰብሰብ፤ መሐንዲስ ማማከርና ፈቃድ መጠየቅ።
• ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፦ በደረቁ ወራት ጣሪያውን መጠገን፣ ሽፋኑን መሥራትና የውኃ ፍተሻ ማድረግ።
• ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ፦ ምንጣፉን በችግኝ ጣቢያ መዝራት።
• ግንቦት፦ የሥር መከላከያ፣ ማጥለያና ድብልቅ መዘርጋት።
• ሰኔ፦ ዝናቡ ሲጸና ምንጣፉን መንጠፍና የአደይ ዘር መጨመር።

በበጋ የተነጠፈ ምንጣፍ ብዙ ውኃ ስለሚጠይቅ የመድረቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። ፈቃዱ ወይም ፍተሻው ቢዘገይ ሥራውን ለቀጣዩ ክረምት ማሸጋገር ከጥድፊያ የሚሻል ነው።

ከሥራው በኋላ የሚደረግ እንክብካቤ

ሕያው ጣሪያ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። በዓመት ቢያንስ አራት ጊዜ መጎብኘት ይኖርበታል። ዋናው ጉብኝት ግንቦት ላይ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት የሚደረገው ነው። መውረጃዎቹ ይከፈታሉ፤ የተጠራቀመ ቅጠልና አፈር ይጠረጋል። በክረምቱ መሐልም ከብርቱ ዝናብ በኋላ ውኃ ያቆረ ቦታ መኖሩ ይታያል። የተደፈነ መውረጃ በጣሪያው ላይ ውኃ ሲያጠራቅም፣ እያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር የውኃ ከፍታ በአንድ ካሬ ሜትር 10 ኪሎ ግራም ጭነት እንደሚጨምር መዘንጋት የለበትም።

በኅዳር ወር፣ አበቦቹ ዘራቸውን ከጣሉ በኋላ፣ የደረቀው ሣር በማጭድ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርቶ ይታጨዳል። የታጨደው ጣሪያው ላይ አይተውም፤ በበጋ የደረቀ ሣር በቀላሉ እሳት ይይዛልና። ድርቆሹ መነሳቱ ሌላም ጥቅም አለው። የዱር አበቦች የሚስማማቸው ለምነቱ የተመጠነ አፈር ነው፤ ፍግና ማዳበሪያ ሲበዛ ሣሩ ይገንና አበባውን ይውጠዋል። ከሰልና ማንደጃም በጣሪያው ላይ ሊቀጣጠል አይገባም።

በመጀመሪያው በጋ ሥሩ ገና ስላልጠለቀ በየሳምንቱ በአንድ ካሬ ሜትር 5 ሊትር ያህል ውኃ ማጠጣት ያስፈልጋል። ለ60 ካሬ ሜትር ይህ 300 ሊትር ነው። ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው አካባቢዎች የቧንቧ ውኃን ለዚህ ማዋል አስቸጋሪ በመሆኑ፣ በክረምት የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ በመሬት ላይ አዘጋጅቶ መጠቀም ይመረጣል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ጣሪያው በበጋ ቢጫ ሆኖ ቢታይ የሞተ ማለት አይደለም፤ ዘሩና ሥሩ ዝናብ እየጠበቁ ነው።

የደኅንነት ጥንቃቄ

ወደ ጣሪያ የሚወጣ ሰው የተረጋጋ መሰላል ወይም ደረጃ ያስፈልገዋል። የጠርዙ ግድግዳ ወገብ የማይደርስ ከሆነ ሠራተኞች የመውደቅ መከላከያ ቀበቶ ሳያስሩ ወደ ጠርዙ መቅረብ የለባቸውም። የኤሌክትሪክ መስመር በሚያልፍበት ጣሪያ አጠገብ ረጅም ብረትና ቱቦ ማንቀሳቀስ ለሕይወት አስጊ ነው። ሕፃናት ያለ አዋቂ ክትትል እንዳይወጡ መግቢያው በቁልፍ መዘጋት አለበት።

ሥራው ካለቀ በኋላ በሶሌታው የታችኛው ገጽ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ የመጉበጥ ምልክት፣ የልስን መርገፍ ወይም የእርጥበት እድፍ ከታየ፣ ከተቻለ በአስተማማኝ ሁኔታ መውረጃዎቹን ከፍቶ የቆመውን ውኃ መልቀቅ፣ በሥሩ ያሉትን ሰዎች ወደ ሌላ ክፍል ማዛወርና ወዲያውኑ መሐንዲስ መጥራት ይገባል። በሩ ወይም መስኮቱ ድንገት መያዝ ወይም አልዘጋ ማለት ከጀመረም የሶሌታው መጉበጥ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ቸል መባል የለበትም።

ወጪን ለመቆጠብ ሲባል በብዛት የሚዘለሉት የጭነት ስሌቱ፣ የውኃ ፍተሻውና የማጣሪያ ጨርቁ ናቸው። ሦስቱም ከአበባው ሥር ተሸፍነው የማይታዩ ሥራዎች በመሆናቸው መቅረታቸው የሚታወቀው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። በጀታቸው የተወሰነ ባለይዞታዎች ከእነዚህ አንዱን ከሚያስቀሩ ይልቅ የሚለማውን ስፋት ቢቀንሱ ይመረጣል። በሚገባ የተሠራ 15 ካሬ ሜትር የአበባ መስክ፣ ያለ ስሌት ከተጫነ 60 ካሬ ሜትር አፈር ይልቅ ለቤቱም ለነዋሪውም ይበጃል።